በወንድም ኪስ የኖረ ካርድ

ከቤት የወጣሁት የመጋረጃ ቀለበት ልገዛ ነበር። ቀለበቱን ሳልገዛ ተመለስኩ፤ በምትኩ ሰፈራችን እስከ ዛሬ የሚያወራው ክርክር ውስጥ ገባሁ። አንባቢ ሆይ፣ ክርክሩ የተነሳው በአንዲት የባንክ ካርድ ነው። ካርድ ቀላል ናት፤ ካርዲቱን የያዘ እጅ ግን ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በባሕሬን፣ በሙሐረቅ ገበያ፣ ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ ከሚሸጡት መደዳ አለፍ ብሎ፣ የወርቅና የብር ክር የሚሸጥ ጠባብ ሱቅ አለ። በዚያ ሳልፍ ጎረቤቴን ኡም ጋኒምን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው አየኋቸው። የመረጡት የወርቅ ክር ፊታቸው ተደርድሯል። ባለሱቁ ሊጠቀልልላቸው ወረቀት ሲያነሳ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ተወው፤ ወደ ቦታው መልሰው።»

«እናቴ፣ ይውሰዱት እንጂ! ሃጅ ሰቅር ሲመጡ ይከፍላሉ» አላቸው በትሕትና።

«ሃጅ ሰቅር የወርቅ ክር ይጎነጉናል እንዴ? የምጎነጉነው እኔ ነኝ። መልሰው አልኩህ!»

ቀረብ ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸውና «ምን ሆነው ነው ኡም ጋኒም?» አልኳቸው።

«ምን እሆናለሁ ልጄ ሙኒራ፣ ገንዘቤ መካ ሄዷል።»

«መካ?»

«ዑምራ ነዋ! ከወንድሜ ኪስ ጋር። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ፣ ጡረታዬ ካዕባን እየዞረ ነው።»

ባለሱቁ ሳቁን ሊደብቅ ወደ መደርደሪያው ዞረ። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ልከፍልላቸው ስል ክንዴን ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። በሰባ ሁለት ዓመታቸው ጉልበታቸው ያስገርማል።

«እንዳትሞክሪው! የራሴ እያለኝ የሰው አልበላም። ይልቅ ነይ፣ ቤት የቀረች ትንሽ ክር አለችኝ፤ ጣት አበድሪኝ።»

እየሄድን ነገሩን አስታወስኩ። ኡም ጋኒም ማለት የጋኒም እናት ማለት ነው፤ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ጋልያ ነው። ጋኒም የሚባለው ልጃቸው ጡት ሳይጥል ነው የሞተው፤ ስሙ ግን በእናቱ ላይ ቀረ። ባለቤታቸው ሙባረክ በነዳጅ ማጣሪያው ሲሠራ ኖሮ ካረፈ ወዲህ ጡረታው በእሳቸው ስም ባንክ ይገባል። ካርዱ ግን ከቀብሩ ሳምንት ጀምሮ የኖረው በታናሽ ወንድማቸው በሃጅ ሰቅር ኪስ ነው። ሃጅ ሰቅርን ማማት አልፈልግም። ከእህታቸው ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አጉድለው አያውቁም። በየወሩ ከኤቲኤም አውጥተው፣ በፖስታ አድርገው፣ ሐሙስ ለምሳ ሲመጡ ያስረክባሉ። ከዚያ ውጭ ኡም ጋኒም አንድ ነገር ሲፈልጉ መጠየቅ አለባቸው። በጠየቁ ቁጥርም ከገንዘቡ ፊት «ለምን?» የምትል ቃል ትቀድማለች።

ያን ሰሞን ከዓራድ ሰፈር የመጡ ቤተሰቦች የልጃቸውን የሰርግ ቀሚስ በወርቅ ጉንጉን እንዲያስጌጡላቸው ጠይቀዋቸው ነበር። ይህ ሙያ በሰፈራችን በጥቂት ሴቶች እጅ ብቻ ነው የቀረው። ሰዎቹም «በዚህ ሳምንት ካልጀመሩልን ለማሽን ቤት እንሰጠዋለን» ብለዋቸዋል። ክሩ ሱቅ አለ፤ ገንዘቡ ባንክ አለ፤ ሙያው በጣታቸው አለ። ሦስቱን የሚያገናኘው ካርድ ግን ከሃጅ ሰቅር ጋር ባሕሩን ተሻግሯል።

ቤታቸው ስንደርስ የሃጅ ሰቅር ልጅ አኑድ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። በዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የምትከታተል፣ ምላሷ ፈጣን፣ ልቧ ንጹሕ የሆነች ልጅ ናት። ኡም ጋኒም ጊዜ አላጠፉም። ለእኔም ለእሷም በየጣታችን ክር አጠለቁብን። እኛ ክሩን እየተቀባበልን ስናሳልፍ እሳቸው ጉንጉኑን ጨርቁ ላይ በመርፌ ይይዙታል። በዚህ ሥራ የተቀመጠ ሰው ተነስቶ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ለክርክር የሚመች ሥራ ነው።

በገበያ የሆነውን ስነግራት አኑድ ጉንጯ ቀላ።

«አክስቴ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትኖሪው?»

«ክሩን አታላይው።»

«አላላሁትም። የምልሽን ስሚኝ። ካርዱ እኮ ላስቲክ ነው። ገንዘቡ ላስቲኩ ውስጥ አይደለም ያለው።»

«የት ነው ታዲያ?»

«ባንክ ነዋ፤ በስምሽ።»

«ባንክ ከሆነ አባትሽ በኪሱ ይዞ የሚዞረው ምንድን ነው?»

«ቁልፍ። አንድ ቁልፍ ብቻ። ሌላ ቁልፍ ማስቀረጽ ትችያለሽ፤ ያውም የእሱን ሳትነኪ።»

መርፌያቸው ቆመ። ዓይናቸውን ከጨርቁ አነሱ። «እንዴት ሆኖ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን የጠያቂ ሳይሆን የከሳሽ ነበር።

«የባንኩን ድረ ገጽ በኮምፒውተሬ እንከፍታለን። አንቺ ነሽ የምትገቢው፤ በመታወቂያሽ። እዚያ ካርድሽን ታገኚዋለሽ። ከሥሩ 'ወደ ስልክ ቦርሳ ጨምር' የሚል ጽሑፍ አለ። እሱን ስትነኪ ባንኩ ራሱ ካርድሽን ስልክሽ ላይ ያስገባልሻል። ካርዱን በእጅ መያዝ የለ፣ ቁጥሩን እያዩ መጻፍ የለ። ከዚያ ሱቅ ሄደሽ ስልክሽን ወደ መክፈያው ማስጠጋት ነው።»

«ስልኬ ቦርሳ አለው ማለት ነው? እኔ እንኳ ሽፋን ብቻ ያለው መስሎኝ።»

«ቀልጂብኝ! አለው።»

«አንቺ ባለፈው ደግሞ ባንኩን ስልክሽ ላይ ላውርድልሽ ብለሽኝ ቦታ የለውም አልሽ። ቦታ እንዲኖረው አጥፊ አልሽኝ። እኔ ከሙባረክ የድምፅ መልእክት አንዷን እንኳ አላጠፋም። 'ጋልያ፣ ዓሣውን ገዝቻለሁ' ያለኝን ሳይቀር አላጠፋም!»

«ለዚህ እኮ ነው በድረ ገጽ የምልሽ። የሚወርድ ነገር የለም። ቦርሳው ስልኩ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው። የአጎቴ ድምፅ ባለበት ይቀመጣል።»

ኡም ጋኒም መርፌውን መልሰው ጨርቁ ላይ ወጉ። ያሸነፈቻቸው መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሰው በዕድሜ ሲገፋ ጥርጣሬውም አብሮ ይጠነክራል፤ ጥርጣሬ ደግሞ ሁልጊዜ ሞኝነት አይደለም። ኡም ጋኒም ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ አሉ።

«የጎረቤታችንን የኡም ሳሊህን ነገር ረሳሽው? 'ዕቃ መጥቶልሻል' የሚል መልእክት መጣላት። ነካችው። 'የካርድሽን ቁጥር ሙዪ' አላት፤ ሞላች። በማግሥቱ ለልጇ ሰርግ ያስቀመጠችው ነጥፎ አደረ። እሷም እንዳንቺ ያለ ልጅ ነበራት፣ 'ቀላል ነው' የሚላት።»

«አዎ፣ ተሰርቃለች» አለች አኑድ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አልክድም። ግን እሷ ዘንድ የመጣው ሌባው ነው፤ እሷ ወደ ባንክ አልሄደችም። በርሽን የማታውቂው ሰው ሲያንኳኳ ትከፍቻለሽ?»

«አልከፍትም።»

«አንቺ ራስሽ ሄደሽ የምታንኳኪውን በርስ ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ልዩነቱ ይኼ ነው። በመልእክት የመጣ ነገር አንነካም። የባንኩን አድራሻ፣ ከባንኩ ወረቀት ላይ እያየን፣ በገዛ እጃችን እንጽፋለን። ስልክ ደውሎ 'የባንኩ ሰው ነኝ፣ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ' የሚልሽ ቢኖር፣ የባንኩ ሊቀመንበር ነኝ ቢልሽም ጆሮው ላይ ዝጊበት።»

«ይኼን እንኳ እችልበታለሁ» አሉ። «ስልኬን ብጥለውስ?»

«ያለ ጣትሽ አሻራ ወይም ያለ ምሥጢር ቁጥርሽ አይከፍልም። ወደዚያው ድረ ገጽ ገብተሽ ካርዱን ከጠፋው ስልክ ታስወጪዋለሽ። ሱቁም እውነተኛውን የካርድ ቁጥርሽን አያየውም፤ ስልኩ የሚሰጠው ተለዋጭ ቁጥር ነው። ላስቲኩስ ቢጠፋ? ያገኘው ሁሉ ሱቅ ገብቶ ለትንሽ ዕቃ ነካ ቢያደርገው ማን ይከለክለዋል?»

ኡም ጋኒም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድሜ ሌባ አይደለም» አሉ፣ ማንም ሌባ ሳይላቸው።

«አባቴ ሌባ ነው አላልኩም!» አለች አኑድ፣ እንባዋ ቀርቦ። «አባቴ ጥሩ ሰው ነው። ግን አክስቴ፣ ጠባቂው ጥሩ ሰው የሆነለት እስረኛም እስረኛ ነው።»

ኡም ጋኒም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰኩት። ከእኔም ከእሷም ጣት ክሩን አንድ በአንድ አወጡ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና የባንኩን ወረቀት ከሳጥን አምጥተው ፊቷ ዘረጉት።

«ኮምፒውተርሽን ክፈቺ።»

እውነቱን ልናገር፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ስትፈታ እንኳ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አድራሻውን ኡም ጋኒም ራሳቸው በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉት። የመታወቂያ ቁጥራቸውን አስገቡ። የካርዱን ነገር ከማየታችን በፊት ግን ባንኩ አቆመን፤ «የማረጋገጫ ቁጥር በተመዘገበው ስልክዎ ልከናል» የሚል ጽሑፍ መጣ። የኡም ጋኒምን ስልክ ከበን ተመለከትነው። ምንም አልመጣም። አኑድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታዩትን የስልኩን የመጨረሻ አሃዞች አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

«የአባቴ ቁጥር ነው» አለች።

ሃጅ ሰቅር ያኔ በሐዘኑ ሳምንት ባንክ ሄደው ጉዳዩን ሲያስፈጽሙ፣ የተመዘገበው የእሳቸው ስልክ ኖሯል። የበሩ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የደወሉ ገመድም በእሳቸው እጅ ነበር ማለት ነው።

ኡም ጋኒም አልተቆጡም፤ ቁጣቸውን ወደ ሥራ ቀየሩት። «ጣታችሁን አምጡ» አሉን። ክሩን መልሰው አጠለቁብን። ትንሽ ቆይቶ ስልካቸው ጮኸ። ማንም ሊያነሳው አልቻለም፤ ሁላችንም በወርቅ ታስረን ነበርና። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ደግሞ ጮኸ። ለሦስተኛ ጊዜ ጮኾ ዝም ሲል በሩ ተበረገደ።

ሃጅ ሰቅር ነበሩ። ከዑምራ ሲመለሱ የሳዑዲን ድልድይ ተሻግረው፣ የመንገድ ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ በአንድ እጃቸው ከመካ ያመጡትን የዘምዘም ውሃ ጀሪካን፣ በሌላው ስልካቸውን ወደ ላይ እንደ ፋኖስ ይዘው ገቡ።

«እህቴ! ሌባ ገብቶብሻል! ሂሳብሽን እየሰበሩ ነው! ይኸው፣ ቁጥር መጣ! የት ነበራችሁ ስደውል?»

«ሌባውን አገኘኸው?» አሉ ኡም ጋኒም፣ ከጨርቁ ቀና ሳይሉ።

«የት አገኘዋለሁ!»

«ፊትህ ተቀምጧል። እኔ ነኝ። የሙባረክን ሚስት ጡረታ ልሰርቅ ስል እጅ ከፍንጅ ያዝከኝ። ፖሊስ ጥራ።»

ሃጅ ሰቅር ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። ዓይናቸው ከእህታቸው ወደ ልጃቸው ሄደ። «አኑድ! ይሄ የአንቺ ሥራ ነው!»

«የእኔ ነው አባቴ። አልሸሸግም።»

«ተዋት» አሉ ኡም ጋኒም። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ። አሁን የመጣልህን ቁጥር አንብብልኝ።»

«አላነብም! ባንኩ ራሱ ምን ይላል? 'ይህን ቁጥር ለማንም አይንገሩ' ይላል!»

«ማንም ማን ነው?»

«ማንም ማለት… ሌላ ሰው ነዋ።»

«ሂሳቡ የማን ነው?»

«የአንቺ።»

«እንግዲያው ሌላው ሰው አንተ ነህ።»

ሃጅ ሰቅር ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እንደ ተበደለ ሰው ተናገሩ። «ሙባረክ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ 'ጋልያን አደራ' አለኝ። በአላህ ፊት ነው የተቀበልኩት። በጉልበቴ ሕመም፣ በፀሐይ፣ በየወሩ ማሽን ፊት ስሰለፍ አንድ ቀን ደከመኝ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አላልክም፤ አላህ ይስጥልኝ። ግን 'ጋልያን አደራ' ነው ያለህ። ጋልያ ዛሬ ሱቅ ቆማ የመረጠችውን ስትመልስ የት ነበርክ?»

«ከመካ መንገድ ላይ! ለአንቺ ስጸልይ!»

«ጸሎትህን አላህ ይቀበልህ። ባለሱቁ ግን አይቀበልም።»

አኑድ ሳቋ አመለጣት፤ አባቷ ሲያዩዋት ዋጠችው።

«ሰው ምን ይላል?» አሉ ሃጅ ሰቅር። «ወንድም እያላት በየሱቁ ስልክ ይዛ ስትከፍል፣ ክር እየጎነጎነች ስትሸጥ፣ 'ሰቅር እህቱን ማብላት አቃተው' አይሉም?»

«ይበሉ! ስልሳ ዓመት ሙሉ ሰው ምን ይላል ስትለኝ፣ ያ ሰው አንድ ቀን እንኳ መጥቶ በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። ሌላም ልጠይቅህ። አላህ ያርቀውና መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮ፣ ምሳዬን ለመብላት የሞተ ወንድሜን ኪስ እንዲፈትሹልኝ ልጠብቅ ነበር?»

ሃጅ ሰቅርም አንገታቸውን ደፉ። እኔ እስከዚያ ድረስ በወንድምና በእህት መካከል መግባቱን አልደፈርኩም ነበር። አሁን ግን በአክብሮት እንዲህ አልኳቸው።

«ሃጅ ሰቅር፣ ቅር አይበልዎትና፣ አደራ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ሲጠይቅ መመለስም አደራ ነው። እርስዎ የመጀመሪያውን አሳምረው ፈጽመዋል። የቀረው ሁለተኛው ነው።»

ሃጅ ሰቅር ተነስተው ወጡ። ጀሪካኑን ግን ለእህታቸው ትተውላቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት ኡም ጋኒም ረጅሙን ጥቁር ዓባያቸውን ለብሰው፣ መታወቂያቸውን በእጃቸው ጨብጠው፣ እኔንና አኑድን አስከትለው፣ የተመዘገበውን ስልክ ሊያስለውጡ ባንክ ደረሱ። በሩ ላይ ማን ቆሞ ጠበቀን? ሃጅ ሰቅር! «እንዳያታልሉሽ ብዬ ነው» አሉ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ። ውስጥ ገብተን ወጣቷ የባንክ ሠራተኛ «ምን ልርዳዎት?» ስትል ሃጅ ሰቅር ቀድመው «እህቴ የስልክ ቁጥር…» ብለው ጀመሩ።

«ይቅርታ አባቴ፣ የምጠይቀው ባለሂሳቧን ነው» አለቻቸው ልጅቱ በፈገግታ።

ኡም ጋኒም ወንበሩን ወደፊት ጎተቱ። «ባለሂሳቧ እኔ ነኝ» አሉ። እንዲህ ብለው ሲናገሩ የሰማኋቸው የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለራሳቸውም የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ቁጥሩ ብዙም ሳይቆይ ተለወጠ። ስንወጣ ሃጅ ሰቅር ከኪሳቸው ላስቲኩን አውጥተው ዘረጉላቸው።

«እንቺ። ይኸው ካርድሽ። አሁን ደስ ይበልሽ።»

«አንተ ጋ ይቆይ» አሉ ኡም ጋኒም። «ስልኬ አንድ ቀን ቢሰበር መጠባበቂያ ይሆነኛል። ደግሞ አንተ ጨብጠህ ይዘኸው፣ እኔ በራሴ ስከፍል በዓይንህ እንድታይ እፈልጋለሁ።»

ቤት ተመልሰን ኮምፒውተሩ እንደገና ተከፈተ። በዚህ ጊዜ የማረጋገጫው ቁጥር በኡም ጋኒም ስልክ ላይ መጣ፤ አኑድ ልታነብላቸው ስትጠጋ ስልኩን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። «ለማንም አይንገሩ ይላል! ዞር በይ!» አኑድ ዞረች፤ እኔም ዞርኩ፤ ሃጅ ሰቅርም እያጉረመረሙ ዞሩ። ካርዱ በገጹ ላይ ታየ። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ኡም ጋኒም ራሳቸው ነኩት። ባንኩ የትኛው ስልክ እንደሆነ ጠየቀ፤ አሳወቁት፤ ስልካቸው ላይ «ተቀበል» የሚል መጣ፤ ተቀበሉ። አንድ እንቅፋት ብቻ ገጠመን። ስልኩ የጣታቸውን አሻራ አላነብ አለ፤ ዕድሜ ልካቸውን የወርቅ ክር ሲያሳልፉበት የኖሩት ጣት አሻራው ተፍቋል።

«ጣቴንም አላውቀውም አለ?» አሉ ተበሳጭተው።

«በምሥጢር ቁጥር ይሆናል አክስቴ። አንቺ ብቻ የምታውቂው ቁጥር አውጪ።»

አወጡ። ካርዱም ስልካቸው ላይ ቁጭ አለ። ሃጅ ሰቅር ላስቲኩን ከኪሳቸው አውጥተው አንዴ እሱን፣ አንዴ የእህታቸውን ስልክ ያያሉ። «ይሄ እዚህ ሆኖ ያ እንዴት እዚያ ገባ?» አሉ። ኡም ጋኒም ግን ጫማቸውን እያደረጉ ነበር።

ሱቁ ስንደርስ ባለሱቁ ያን የወርቅ ክር እንደገና ደረደረው። ኡም ጋኒም ስልካቸውን ከፍተው ወደ መክፈያው አስጠጉት። ማሽኑ ጢን አለ። ባለሱቁ ወረቀቱን ቀዶ ሲሰጣቸው አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሰቅር፣ ክሩን ያዝልኝ» አሉ። «ዕቃ መሸከም እንኳ አልከለክልህም።»

የዓራዷ ሙሽራ በዚያ ጉንጉን አጊጣ ተዳረች። ሰርጉ ላይ ያዩ ሴቶችም ሌላ ሥራ ይዘው መጡ፤ ኡም ጋኒምም ክር ሲያልቅባቸው ማንንም ሳይጠይቁ ሄደው ይገዛሉ። ነገር ግን ሃጅ ሰቅር በዚህ ተረቱ ብል ውሸት ይሆንብኛል። «ለእሷ ይሁን፤ እኔ ግን በእጄ የማልይዘውን ነገር አላምንም» እያሉ ቆዩ።

ከዚያ አንድ ቀን በዓሣ ገበያ ግርግር ውስጥ ቦርሳቸው ከኪሳቸው ተወሰደ። የራሳቸውም የእህታቸውም ላስቲክ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ ኡም ጋኒም ቤት እያለሁ ነው ላባቸው በፊታቸው እየወረደ የገቡት።

«አደራውን ጣልኩት!» አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። «ሁሉን ወሰዱት! የሙባረክን አደራ ጣልኩት!»

«ተቀመጥ» አሉ ኡም ጋኒም። «ውሃ ጠጣ።» ከዚያ ወደ ድረ ገጹ ገብተው፣ አሁን አኑድን እንኳ ሳይጠሩ፣ ላስቲኩን አዘጉ። ባንኩ አዲስ ካርድ በፖስታ ቤት በኩል እንደሚደርሳቸው፣ ጥቂት ቀን እንደሚፈጅ ጻፈላቸው። ግን አዲሱ ካርድ ገና ላስቲኩ ሳይመጣ በገጹ ላይ ታየ፤ ከሥሩም ያው የምናውቀው ጽሑፍ። ነኩት። ውሃው ከብርጭቆው ሳያልቅ የኡም ጋኒም አዲስ ካርድ ስልካቸው ላይ ነበር።

ሃጅ ሰቅር አጠገባቸው ተጠግተው ይህን ሁሉ አዩ። «ላስቲኩ ገና አልመጣም እኮ» አሉ።

«አልመጣም።»

«ሌባው ቢሞክረውስ?»

«የተዘጋ በር ነው የሚገፋው።»

«እና አንቺ አሁን ወጥተሽ ዓሣ መግዛት ትችያለሽ?»

«አንተ ሳትገዛ የቀረኸውን ዓሣ ጭምር!»

ሃጅ ሰቅር ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አገላብጠው አዩት። በመጨረሻም፣ ለልጃቸው እንኳ ባልተናገሩት ትሕትና፣ «እህቴ፣ የእኔንም አሳዪኝ» አሉ። ኡም ጋኒምም በድል አልተኮፈሱም። ኮምፒውተሩን ወደ ወንድማቸው አዙረው «አድራሻውን ራስህ ጻፍ። በመልእክት የመጣልህን አትንካ። ቁጥሩ ሲመጣልህ ደግሞ እኔ ዞር እላለሁ፤ ለእኔም እንዳትነግረኝ» አሏቸው። ሲጨርሱ ሃጅ ሰቅር ቀስ ብለው ጠየቁ።

«እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ ፖስታ ይዤ አልመጣም ማለት ነው?»

የፈሩት ይህን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ለኡም ጋኒም ግን ከእኔ ቀድሞ ገብቷቸው ኖሯል።

«ፖስታውን ተወው። ሆድህን ይዘህ ና። ሩዙንና ዓሣውን የምሠራው ለካርዱ መሰለህ እንዴ?»

አንባቢ ሆይ፣ ልማድ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ወንድም ለእህቱ መቆሙ ከጥንት የመጣ መልካም ነገር ነው። ግን ለሰው መቆምና የሰውን መንገድ ዘግቶ መቆም ይለያያሉ። ገንዘብህ በስምህ ከሆነ፣ ወደ እሱ የሚወስደውን በር ራስህ ክፈት። ባንክህ በድረ ገጹ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ፣ ካርድህን ወደ ስልክህ ለማስገባት ላስቲክ ፍለጋ የማንንም ኪስ አትለምን። የጠፋው ካርድ እስኪተካም ተርበህ አትጠብቅ። አድራሻውን በእጅህ ጻፍ፤ የመጣልህን ቁጥር ለራስህ ያዝ፤ የባንኩ መዝገብ ላይ ያለው ስልክ የአንተው መሆኑን ዛሬውኑ አጣራ። የሚያስፈራራህ ካለ ደግሞ፣ የሚያስፈራው ነገሩ ነው ወይስ የአንተ ነፃ መሆን፣ ደህና አድርገህ መርምር።

ቀሪውን የነገረኝ ባለቤቴ ነው፤ ወንዶቹ በሚሰበሰቡበት መጅሊስ ውስጥ ነበረና። ሃጅ ሰቅር ተቀምጠው ለእኩዮቻቸው ስለ ድረ ገጹና ስለ ስልክ ቦርሳው ሲያስረዱ አመሹ። አኑድ ያለቻቸውን ሁሉ፣ የሚንኳኳውንም በር ጭምር፣ የራሳቸው አስመስለው ተናገሩ። ከዚያ ቡ ዱዓይጅ የሚባሉት ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ሳቁ።

«ይሄን ሁሉ ተወውና ሰቅር፣ እህትህ ገንዘቧን በእጇ እንድትይዝ ፈቀድክላት አሉ። እውነት ነው?»

ሁሉም የሃጅ ሰቅርን ፊት አየ። እሳቸው ግን ቀና ብለው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ግድግዳው እስኪያስተጋባ ድረስ መለሱ።

«እኔ? ማን ጠይቆኝ ነው የምፈቅደው! አልጠየቀችኝም እኮ!»